የካታሎግ ቤት ወለል

ሎሬታ ሁቤክ ልጇ የምታወራውን የሰማችው በማሞቂያው ቀዳዳ በኩል ነው። እነዚህ ቤቶች እንደዚህ ናቸው። ከምድር ቤቱ ምድጃ ተነስቶ ለየክፍሉ ሙቀት የሚያደርሰው ቱቦ ወሬም ያደርሳል፤ ፎቅ መኝታ ቤት ውስጥ የተወራው ወጥ ቤት ወለል ላይ ባለው የብረት ፍርግርግ ይወጣል። ሮንዳ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ተወልዳ ያደገችው። ግን ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሃያ ዓመት አፓርታማ ውስጥ የኖረ ሰው ይረሳል መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ እናቷ ለእንግዶች የተገዛውን ዶናት ከካርቶን እያወጣች ሳህን ላይ ስትደረድር፣ ሮንዳ ፎቅ ላይ ሆና ለአረጋውያን መኖሪያው ሰው በስልክ «ቀብዱን ከፍያለሁ እኮ፤ ክፍሉን ይያዙልኝ ነው የምልዎት» ትላለች። «አዎ፣ ታስቸግራለች። አልሄድም ነው የምትለው። ግን ቤቱ ላይ አንድ ነገር፣ አንዲት ትንሽ ብልሽት ትገኝ እንጂ፣ ያኔ የምትከራከርበት አፍ አይኖራትም። ክረምቱን እዚህ አታሳልፍም፤ በዚህ እርግጠኛ ይሁኑ።» ሎሬታ በእጇ የያዘችውን ዶናት መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ተሸጣ አታውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ልጇ የምትፈልጋት ብልሽት መኖሯ ነበር። የት እንዳለችም ከሎሬታ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ከመንገዱ ማዶ የምኖር ጎረቤቷ ነኝ። የዚያን ዕለት በሯ ላይ ቆሜ ለጎብኚዎች የወረቀት ጫማ ሽፋን እንዳድል በቅርስ ማኅበሩ ተመድቤ ነበር፤ የተመደብኩትም ሳልጠየቅ ነው። ማኅበራችን ሰው አይጠይቅም፤ ስምህን ዝርዝር ላይ ይጽፍና ዝርዝሩን ይልክልሃል። ሎሬታንም ያደረጋት ይህንኑ ነው። ሊቀ መንበሩ ግሌን አከርሊ፣ ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ አስተምሮ ጡረታ የወጣው፣ ሁለት መቶ በራሪ ወረቀት አሳትሞ «አንደኛ ቤት፦ የሁቤክ ቤት» ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው ቤትሽን ክፈቺልን ያላት። አሞኛል ብትለው ሾርባ ይዞላት መጣ። እምቢ የሚባል ሰው አይደለም፤ ክፋት ስላለው ሳይሆን እምቢታን ስለማይሰማ ነው። የጉብኝቱ ቲኬት አሥራ አምስት ዶላር ነው፤ በዚያ አሥራ አምስት ዶላር ስድስት ቤት ያሳያል።

ስድስቱም ቤቶች ከመቶ ዓመት በፊት በፖስታ ታዘው የመጡ ናቸው። ያኔ የከሰል ማዕድን ሠራተኛው ከሥራ ሲገባ ካታሎግ እየገለጠ ቤት ይመርጥ ነበር፣ ሌላው ሰው ኮፍያ እንደሚመርጠው። ገንዘቡን ወደ ቺካጎ ይልካል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣውላው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ምስማሩ ሳይቀር ተቆጥሮ በባቡር ፉርጎ ይደርስለታል። ትልልቁ እንጨት ላይ ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል፤ አብሮ የሚመጣው መጽሐፍ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ይናገራል። የሎሬታ ባል አያት ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሆኖ በአንድ በጋ ገጣጥሞ ገባበት። ያንን አስመስለው የሠሩ አናጢዎች ብዙ ስለነበሩ፣ ዛሬ አንድ ቤት የካታሎግ ቤት መሆኑ የሚታመነው ያ ማህተም ሲገኝ ነው። ስለዚህ ግሌን የሰው ምድር ቤት እየወረደ በባትሪ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች ሲያይ ይውላል። ሁቤኮች ቤት ሁለት ጊዜ ወርዶ ምንም አላገኘም፤ እንጨቱ በሙሉ ኖራ ተቀብቶ ነበር። «ደልበርት፣ አዝናለሁ፤ ማህተም ከሌለው እንዲሁ ቤት ነው» አለው ለሎሬታ ባል።

ደልበርት ሁቤክን ያ ቃል እንቅልፍ ነሳው። «እንዲሁ ቤት» መባሉ። ጠዋት ጠዋት እየወረደ በሽቦ ብሩሽ ኖራውን ይፍቅ ጀመር፤ ቁርስ ላይ ፀጉሩ ነጭ አቧራ ለብሶ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት አገኘው፤ የድሮው የከሰል ማስቀመጫ ካለበት በላይ፣ ጥርት ያለ አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር። ሌላ ሰው ቢሆን ግሌንን ጠርቶ ያሳየው ነበር። ደልበርት ግን የማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ ማኖር አማረው። መጋዝ አመጣና ክንድ የምታህል አድርጎ ቆርጦ አወጣው። የቆረጠው ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቀውን፣ ወለሉን በሙሉ የተሸከመውን ዋናውን አግዳሚ ነው። መብራቱን የያዘችለት ሎሬታ ናት። ከተቆረጠው በግራና በቀኝ አንዳንድ የብረት ምሰሶ ገዝቶ አቆመ፤ ከአያቴ እንጨት ይህ ይጠነክራል አላት። ግሌን ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቀው ግን አፈረ። የተረፈ ቁራጭ ነው፤ አያቴ መደርደሪያ አድርጎት ነበር አለው። ቤቱ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ቁራጩ ሙዚየም ገብቶ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የከተማው ተማሪ ሁሉ እየተሰለፈ አይቶታል፤ ከየት ተቆረጠ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ደልበርት ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። በሞተበት ዓመት የጸደይ ዝናብ ምድር ቤቱ ገባ፤ የግራው ምሰሶ የቆመበት ሲሚንቶ ተሰነጠቀና ምሰሶው መዝመም ጀመረ። ሎሬታ ያወቀችው በሳሎኑ ጥግ ወለሉ ከግድግዳው ሲላቀቅ ነው። መጀመሪያ አንድ ጣት ያስገባ ነበር፤ በዓመቱ ሁለት። ማን ይጠግንላት? ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ሲጠየቅ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ይመጣል። ሦስት ቤት አልፎ የነበረው ሽማግሌ፣ ሚስተር ፓዴት፣ በሩ ላይ «መኖር ክልክል ነው» የሚል ቢጫ ወረቀት ሲለጠፍበት አይታለች። ጠዋት ለጠፉበት፤ ከሰዓት በኋላ ድመቱን በካርቶን አቅፎ የልጁ መኪና ውስጥ ነበር። ስለዚህ አፏን ለጎመች። ቀን ቀን በግድግዳው ጥግ ጥግ ትሄዳለች፤ ስትተኛ ደግሞ የእንጨቱን ድምፅ ታዳምጣለች። ቅጭ ባለ ቁጥር ብድግ። ይህን ሁሉ እኔ ያኔ አላውቅም፤ በኋላ ነው ራሷ የነገረችኝ። እኔ የማየው መክሳቷን ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ ከሐዘኗ ቆጠርኩት።

ያን ጠዋት ዶናቱን ትታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። አምፖሉን አብርታ ምሰሶውን አየችው። ዕቃ እንደከበደው ሰው ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ወደ ላይ ተመልሳ ጣቶቿን ጥጉ ላይ አስገባች። ሦስት ገቡ። እንደነገረችኝ ከሆነ ግሌን ጋ ደውላ ሁሉንም ልትነግረው ስልኩን አነሳች፤ አንዲት ትንሽ ብልሽት የሚለው የሮንዳ ቃል ጆሮዋ ላይ መጣባት፤ መልሳ ዘጋችው። በሩ ላይ ሰው ይቀነሳል፣ በጥግ ጥግ ይሄዳሉ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ያልፋል። ራሷን እንዲህ እያባበለች ሳለ ሮንዳ ፀጉሯን እያሰረች ከፎቅ ወረደች።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ደህና ነኝ።»

«ዶናቱ ለምን ካርቶን ውስጥ ተመለሰ?»

«ዝንብ እንዳያርፍበት።»

«በጥቅምት የምን ዝንብ ነው» አለች ሮንዳ፤ ሳህኑን ወስዳ ትደረድር ጀመር። እናትና ልጅ ከአንድ ካርቶን ዶናት እያወጡ፣ አንዷ የደበቀችውን ሌላዋ ሳታውቅ፣ አንዷ የሰማችውን ሌላዋ ሳትጠረጥር፣ ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ቆሙ። እኔ የጫማ ሽፋኑን ሣጥን ይዤ ስገባ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የወረቀት ኮሽታ ብቻ ነበር። የተጣሉ መስሎኝ ስለ አየሩ አወራሁ። ሊዘንብ ነው አልኩ።

ሳሎኑ መሃል አዲስ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር። በዙሪያው በአራት ወንበር ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። አንድም ዕቃ ላዩ ላይ የለም፤ ጠረጴዛው፣ ሶፋው፣ የደልበርት ትልቁ ወንበር፣ ሁሉም ተገፍቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያንን ምንጣፍ አውቀዋለሁ፤ ሐሙስ ዕለት ከከተማ ውጪ ካለው ትልቁ መደብር በአርባ ዶላር ስትገዛው መኪና የነዳሁላት እኔ ነኝ። ግሌን ገብቶ ባየው ጊዜ ተንበርክኮ ዳሰሰው።

«ሎሬታ፣ ይኼ ከየት መጣ? አይቼው አላውቅም።»

ሎሬታ ዓይኗን በጨው አጥባ «የደልበርት አያት ከአገሯ ያመጣችው ነው» አለችው። «እንዳይረገጥ ብዬ ነው ገመዱ።»

«የእጅ ሥራ ነው፤ ያስታውቃል» አለ ግሌን፣ በአክብሮት እየተነሳ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ በሩ ዞርኩ። ሎሬታ ተከትላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ፍሎ፣ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ እንዳታስገቢ።»

«ለምን?»

«ይታፈናል።»

አራት ሰዓት ላይ ከፈትን። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሁሉም እንደ ፈለገችው ሆነላት። ስድስት አስገባለሁ፤ በገመዱ ዙሪያ ይዞራሉ፣ የመስኮቱን መቃን ይዳስሳሉ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ዶናት ይበላሉ፣ ይወጣሉ። ሎሬታ ደረጃው ሥር ቆማ ትቆጥራቸዋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። የጆሮ ጌጥ መሸጫ ሱቅ ያላት አንዲት ሴትዮ ገመዱን አንስታ ልታልፍ ስትል «ተይ» ያለችበት ድምፅ ሁላችንንም አስደነገጠን፤ ሴትዮዋ «ለአንድ ምንጣፍ!» ብላ ወጣች። አንድ ግዙፍ ሰው፣ በሩን ወደ ጎን ዞሮ የሚገባ፣ ሲመጣ ደግሞ ሎሬታ ቀድማ ወጥታ «እርስዎ መጀመሪያ አትክልቱን ይዩልኝ» አለችው። በጥቅምት መጨረሻ አትክልት የሚባል የለም፤ ሰውዬው ግን ጨዋ ነው፤ ሄዶ የደረቀ የቲማቲም ግንድ ሲያይ ቆየ። ሮንዳ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ታያለች። እናቷ አእምሮዋ እየሄደ ነው ብላ እንደደመደመች ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ በዚያች ሰዓት እኔም ከሮንዳ ጋር ነበርኩ ማለት ይቻላል። አዘንኩላት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ዝናቡ መጣ። ከዝናቡ ጋር አውቶቡሱ መጣ፤ ከኦሃዮ የመጡ፣ የእነሱም ከተማ የካታሎግ ቤት ያለው፣ ሠላሳ አራት ሰው። ግሌን መምጣታቸውን ለማናችንም አልነገረንም ነበር። ከአውቶቡሱ ቀድሞ ወርዶ፣ ካፖርቱ ሥር የሆነ ነገር አቅፎ፣ በረንዳውን በሁለት እርምጃ ወጥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ትበሰብሳላችሁ።»

«ግሌን፣ ስድስት ስድስት ነው የሚገባው» አልኩት።

«ፍሎ፣ ዝናብ ነው እኮ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ዝናብ ነው፤ እኔም ገለል አልኩ። የዚያን ቀን ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሣጥን ሙሉ የጫማ ሽፋን ይዤ፣ የሰው እግር ብቻ እያየሁ፣ ሽፋን እያደልኩ፣ አንዱንም ሳላስቆም ሁሉንም አሳለፍኳቸው። ገመዱን የፈታው ራሱ ግሌን ነው። ወንበሮቹን አነሳ፤ ያንን የከበረ ምንጣፍ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ጥግ አቆመው፤ ሰዎቹ እየተሳሳቁና ውሃ እያራገፉ መሃል ወለሉን ሞሉት። ከሰው ትከሻ በላይ ሎሬታን አየኋት። ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ከንፈሯ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ይላል። አሁን ገባኝ፤ ጸሎት አልነበረም።

ግሌን መሃል ቆሞ ካፖርቱን ከፈተ። ያቀፈው ከሙዚየሙ መስታወት ሣጥን ያወጣውን ቁራጭ ነበር። «ይህ ማህተም» አለ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ዘጠኝ ዓመት ከቤቱ ተለይቶ ኖሯል። ዛሬ ለአንድ ሰዓት ቤቱ ተመልሷል። አሁን ሁላችንም ተራ በተራ ወደ ምድር ቤት ወርደን መደርደሪያው የነበረበትን ቦታ እናያለን።» አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲቆም ከሥር ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ አሮጌ በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት። አንድ ሰውዬ «ቤቱም መለሰልህ» ብሎ ቀለደ፤ ሳቁ።

ሎሬታ የቀለደውን ሰውዬ አየችው። ከዚያ ሮንዳን አየቻት፤ ሮንዳ የዶናቱን ሳህን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ወደ መሃል እየገባች ነበር። ሎሬታ ያኔ በልቧ የነበረውን ነግራኛለች። ቤቴን አልሰጥም እያለች ነበር። ሠላሳ አራት ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ልጇ መሃሉ እየገባች፣ ቤቴን አልሰጥም። በዚህች ቅጽበት ራሷን ፈራቻት፤ ከወለሉ ይልቅ።

«ሁላችሁም ውጡ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማት። «ከሥራችሁ ያለው አግዳሚ ተቆርጧል። በእጁ የያዘው እሱ ነው። ሳትሮጡ፣ በግድግዳው በኩል፣ ውጡ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ግሌን በእጁ ያለውን እንጨት ማህተሙን ሳይሆን ሁለቱን ጫፎቹን አየ፤ ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ ያስተማረ ሰው ነው፤ የመጋዙን ዱካና የእንጨቱን ውፍረት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ውጡ» አለ እሱም። ወጡ። ኦሃዮዎቹን ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ፤ አንድም ሳይጋፋ፣ ሽማግሌዎቹ ሴቶቹን እያስቀደሙ፣ በወረቀት ጫማቸው ዝናቡ ውስጥ ሣሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። የመጨረሻው እንግዳ በረንዳውን ሲረግጥ ነው ምሰሶው የከዳው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጆሮ ይልቅ በጥርስ የሚሰማ ነበር። ወለሉ አንድ ስንዝር ወረደ። እንግዶቹን ስታሳልፍ የዘገየችው ሮንዳ ገና መሃሉ ላይ ነበረች።

አልወደቀችም። ሳህኑ ግን ወደቀ። እሷ እጆቿን ዘርግታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ውሃ ላይ እንደቆመ ሰው ቀረች። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ ፊቷ ግን የሕፃን ሆነ። ከበሩ ላይ ሆኜ ነይ አልኳት። አልሰማችኝም። ሎሬታ ከኔ አጠገብ ነበረች፤ ወጥታ ነበር እኮ፤ ተመልሳ ገባች። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አድርጋ፣ ተረከዟን እየጎተተች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተለማመደችው ሄደችና እጇን ዘረጋች።

«ሮንዳ፣ እኔን እይ። ወለሉን አትይ።»

«እማዬ፣ አልችልም።»

«ትችያለሽ። እግርሽን እንዳታነሺ፤ ጎትቺው። ወደኔ። እንዲህ።»

ከሥር እንደገና ቅጭ አለ። ሮንዳ ዓይኗን ጨፈነች። ሎሬታ ድምፅዋ ሳይለወጥ ስለ ዶናቱ ታወራት ጀመር፤ ስንት እንደተረፈ፣ የተረፈውን ለማን እንደምትሰጥ፤ ሮንዳ እያለቀሰች፣ እየጎተተች፣ የእናቷን ጣት ያዘች። በግድግዳው በኩል ተያይዘው ወጡ። ሁለቱንም ደግፈን መንገዱን አሻግረን የኔ በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው።

የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ወጣት ነው፤ ቆብ አጥልቆ በኋላ በር በኩል ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራቱም ሰዎች አውቶቡሳቸው ውስጥ አልገቡም። ግሌን ዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሱን ቆሞ ነበር፤ ካፖርቱን አውልቆ እንጨቱን ሸፍኖበታል። ወደ በረንዳዬ ሥር መጣና ቀና ብሎ ሎሬታን አያት።

«መደርደሪያ ነው ያለኝ፣ ሎሬታ።»

«አውቃለሁ።»

«ብነግረው ኖሮ አይቆርጠውም ነበር። ፎቶ ይበቃ ነበር እኮ። ፎቶ።»

«አውቃለሁ፣ ግሌን። ራስህን ሸፍን።»

መሐንዲሱ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ሎሬታ ስታየው ተነሳች፤ ፍርድ እንደምትሰማ ሴት እጆቿን አጣምራ ቆመች። እሱ ግን ቀለል ያለ ሰው ነው፤ ቆቡን እያወለቀ ቀጥታ ነገራት። አግዳሚው ወርዶ የድሮው የከሰል ማስቀመጫ ጡብ ላይ አርፏል፤ ከዚህ በላይ አይሄድም። ወደ ቦታው በክሪክ ይነሳል፣ ሦስት ምሰሶ ይቆማል፣ ከሥሩ ኮንክሪት ይሞላል። «የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ወይዘሮ ሁቤክ። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ሳምንት ይበሉት።»

«ቢጫ ወረቀቱስ?»

«ለሳምንቱ እለጥፋለሁ። ሲያልቅ ራሴ መጥቼ አነሳዋለሁ።»

«ወጪው የማኅበሩ ነው» አለ ግሌን ከሥር፤ «ቅርስ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ሁልጊዜም ነበረ።»

«ሁለት ቀን» አለች ሎሬታ። ቁጭ አለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ሁለት ዓመት በግድግዳ ጥግ የሄደችበት ነገር የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ ከቶም ባትደብቀው ኖሮ ማንም ከቤቷ አያወጣትም ነበር። መሐንዲሱ ሄደ፤ አውቶቡሱም ሄደ። ፎጣ አመጣሁላቸው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት አዩ። ከውጪ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ መስኮቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጭሱም ይወጣል። ዝናቡ አባራ። እኔ ልነሳላቸው አስቤ ነበር፤ አልተነሳሁም።

«ዶናቱን ካርቶን ውስጥ የመለስሽው… ጠዋት በቀዳዳው ሰምተሽኛል» አለች ሮንዳ በመጨረሻ።

«ሰምቼሻለሁ።»

«ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ።»

ሮንዳ ፊቷን በፎጣው ይዛ ቆየች። ያቺ ሰውን እንደ ልቧ የምታስተዳድር የመሰለችኝ ሴት ያኔ አንጀቴን በላችው። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «አሁን ደውዬ እሰርዘዋለሁ» አለች። «ቀብዱን ይብሉት። ይህን ሳምንት እኔ ጋ ትሰነብቻለሽ፤ ሲያልቅ ቤትሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ ስለዚያ ክፍል አላነሳብሽም፣ እማዬ። መሐላ ከፈለግሽም እምላለሁ።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። ሎሬታ ግን ቤቷን እያየች ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» አለች።

«የቱ ክፍል?»

«ቀብድ የከፈልሽበት።»

«ፎቅ አይደለም፤ መሬት ላይ ያረፈ ሕንፃ ነው። ለምን ጠየቅሽ?»

«ከሥሩ ምን አለ?»

ሮንዳ አሰበች። «ምንም የለም» አለች። «ኮንክሪት ነው፤ ከዚያ አፈር።»

«አፈር ብቻ?»

«አፈር ብቻ።»

«እንግዲያው አትሰርዢው» አለች ሎሬታ።

ሮንዳ ስልኩን ይዛ ዞራ አየቻት፤ እኔም አየኋት። ሎሬታ ግን ራሷን ወንበሬ ላይ ጥላ፣ ገና በእርጥብ ልብሷ፣ የእንጨት ድምፅ ሳታዳምጥ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።